ለልጅዎ ቁጥሩን ይንገሯት

«ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር የሦስት ልጆች አባት ነኝ። ዕድሜዬ 54 ነው። ኡበር እነዳለሁ፤ ባለቤቴ ሆስፒታል ውስጥ የነርስ ረዳት ናት። ሁለታችን ተደምረን በዓመት 72 ሺህ ዶላር ገደማ እናስገባለን። የመጀመሪያዋ ልጃችን ዘንድሮ፣ በ2025–26፣ 12ኛ ክፍል ናት፤ ውጤቷ ሁሉ ኤ ነው። ልቧ ያረፈው ቦስተን ያለ አንድ የግል ዩኒቨርሲቲ ላይ ነው። የዓመት ወጪውን ባየው 90 ሺህ ዶላር ይላል። ለእሷ ትንፍሽ አላልኩም። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የተማርኩ ሰው ልጄን ‹ገንዘብ የለኝም› ብዬ አላስቀራትም። የወላጅ ብድር እወስዳለሁ፤ የባለቤቴን የጡረታ ቁጠባ እናወጣለን፤ ከዕቁብም 15 ሺህ ይደርሰኛል። አዲስ አበባ አንድ ኮንዶሚኒየም አለን። የማውቀው ሰው ‹ፎርሙ ላይ እንዳትጽፈው፣ እርዳታ ያስከለክልሃል› ብሎኛል፤ 600 ዶላር ከከፈልኩትም ሁሉንም ራሱ ይሞላልኛል። ደብረ ብርሃን ላሉት እናቴም በየወሩ እልካለሁ። ምን ይመክሩኛል?»

ውድ ወንድሜ፣

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ የገንዘብ ጥያቄ ብቻ መሰለኝ። ሁለተኛ ሳነበው ግን ዓይኔ «ለእሷ ትንፍሽ አላልኩም» የምትለው ላይ ቀረ። ስለ ፎርሙም፣ ስለ ብድሩም፣ ስለ ኮንዶሚኒየሙም እመጣበታለሁ። በቅድሚያ ግን ስለ ዝምታው ላንሳ።

እኛ ባደግንበት ቤት ስለ ገንዘብ በልጅ ፊት አይወራም። ጤፍ ሲያልቅ እናት ለጎረቤቷ በሹክሹክታ ትነግራለች፤ ልጅ ግን ምንም ሳያውቅ በልቶ ይተኛል። ደግ ልማድ ነው፤ ክብርም አለበት። እዚህ አገር ግን አንዲት የ17 ዓመት ልጅ የአራት ዓመቱ ሒሳብ ሲደመር ቤት የሚገዛ ነገር ምረጪ ትባላለች። እርስዎ ቤት ደግሞ አቅሙ ምን ያህል እንደሆነ የማታውቀው መራጯ ብቻ ናት።

ከራሴ ልንገርዎ። የበኩር ልጄ በ2011 ከቤት ርቆ የሚገኝ የግል ኮሌጅ ሲገባ እኔና ባለቤቴ የወላጅ ብድር ፈርመን «አንተ ትምህርትህን ተማር፣ ሌላው የእኛ ጉዳይ ነው» አልነው። ሦስተኛ ዓመት ላይ ለገና መጥቶ ክብሪት ሲፈልግ የማድ ቤቱን መሳቢያ ከፈተና የአበዳሪውን ፖስታዎች አገኘ። ያመሰገነን እንዳይመስልዎ። ሁለት ቀን አላናገረንም። በሦስተኛው ቀን «እዚሁ አጠገባችን ያለው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ግማሽ ስኮላርሺፕ ሰጥቶኝ ነበር እኮ፤ ብትነግሩኝ ኖሮ እምቢ እል ነበር?» አለ። መልስ አልነበረንም። ብድሩን ዛሬም እየከፈልን ነው።

ስለዚህ ከብድሩ ልጀምር። ፓረንት ፕላስ የሚባለው የፌዴራል የወላጅ ብድር ቀድሞ ኮሌጁ የጠየቀውን ያህል ያበድር ነበር። በጁላይ 2025 የጸደቀው ሕግ ግን ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ጣሪያ አበጅቶለታል፤ ለአንድ ልጅ በዓመት 20 ሺህ፣ በጠቅላላው 65 ሺህ ዶላር። ልጅዎ ኮሌጅ የምትገባው ልክ በዚያ ክረምት ማግስት ነውና ሕጉ ይመለከትዎታል። በገቢ ልክ የወር ክፍያን የሚቀንሰው አማራጭም ለእነዚህ አዲስ ወላጅ ተበዳሪዎች ተዘግቷል። የ2025–26ቱ ወለድ 8.94 በመቶ ነው፤ በየዓመቱ ለአዲስ ብድር ይቀየራል። ገንዘቡ ገና ሲሰጥም 4 በመቶ ገደማ ለአገልግሎት ይቆረጣል።

65 ሺህ በዚህ ወለድ ቢሰላ፣ በአዲሱ አከፋፈል ለ20 ዓመት በየወሩ ወደ 580 ዶላር ነው፤ ተደምሮ 140 ሺህ ይጠጋል። በ58 ዓመትዎ መክፈል ቢጀምሩ የሚጨርሱት በ78 ነው። ሁለት ልጆች ደግሞ ከኋላ አሉ። ይህ ሁሉ ተከፍሎም የቦስተኑን ቀዳዳ ላይደፍን ይችላል፤ ያኔ ሰው የሚሄደው ወደ ባንክ የግል ብድር ነው፤ ባንኩም እርስዎን በዋስትና ያስፈርማል። ቅርብ ሌላ መንገድ እያለ ይህን መፈረም፣ አባቶች እንዳሉት፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

የባለቤትዎን የጡረታ ቁጠባ አይንኩት። በፌዴራሉ ፎርም ላይ የጡረታ ሒሳብ ውስጥ የተቀመጠ ገንዘብ እንደ ሀብት አይቆጠርም። ሲያወጡት ግን ገቢ ይሆናል። ከመሥሪያ ቤት የጡረታ ሒሳብ ከ59 ዓመት ተኩል በፊት ለትምህርት ብለው ቢያወጡት ግብር አለበት፤ በላዩ 10 በመቶ ቅጣት ይጨመራል። ፎርሙ የሚያየው የሁለት ዓመት የኋላ ግብር ስለሆነ በ2026 ያወጡት ገንዘብ ልጅዎ ሦስተኛ ዓመት ስትደርስ እንደ ትልቅ ገቢ ብቅ ብሎ እርዳታዋን ይቀንስባታል።

አሁን ወደ ፎርሙ። ፋፍሳ የሚባለው የፌዴራል የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ ነጻ ነው፤ ነጻነቱ ስሙ ውስጥ ሳይቀር አለ። የ2026–27ቱ ከተለመደው ከኦክቶበር 1 ቀደም ብሎ በሴፕቴምበር መጨረሻ ተከፍቷል፤ የሚጠይቀውም የ2024 ግብራችሁን ነው። 600 ዶላር የጠየቀዎት ሰውዬ ያን ገንዘብ የሚወስደው ልጅዎ ከትምህርት ቤት አማካሪዋ ጋር በአንድ ከሰዓት ለምትጨርሰው ሥራ ነው። ከብሩ የሚብሰው ሌላው ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የመግቢያ ሒሳቡን በራሳቸው ኢሜይል ይከፍቱታል፤ የሚቀጥለው ዓመት ፎርም ሲመጣ ቁልፉ እነሱ ጋር ነው። ያ መግቢያ ደግሞ እንደ ፊርማዎ ነው። ለልጅዎም እንኳ አይሰጥም፤ እሷ የራሷ አላት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ልጅዎ በራሷ መግቢያ ትጀምርና እርስዎን በኢሜይል ትጋብዝዎታለች። እርስዎ ገብተው የግብር መረጃዎ ከግብር መሥሪያ ቤቱ በቀጥታ እንዲመጣ ይፈቅዳሉ። ይህን ፈቃድ ካልሰጡ ልጅዎ ከፌዴራል እርዳታ ውጭ ትሆናለች፤ የተቀረው ሁሉ ቢሞላም ዋጋ የለውም። ከባለቤትዎ ጋር ግብር የምታስታውቁት በጋራ ከሆነ ከሁለታችሁ አንዳችሁ መግባት ይበቃል።

እዚህ ላይ እኛን ሐበሾችን የምታስለቅስ ትንሽ ነገር አለች፤ ስማችን። መግቢያው ሲከፈት ስም ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ ካለው፣ የልደት ቀን ደግሞ ከመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ጋር ይመሳከራል። አንዱ ሰነድ ላይ የአያት ስም ተጨምሮ፣ ሌላው ላይ ቀርቶ፣ በፓስፖርቱ ስሙ በአንድ ፊደል የተጻፈው በካርዱ ላይ በሁለት ተጽፎ ታገኙታላችሁ። የልደት ቀን ከእኛ ዘመን አቆጣጠር ወደ ፈረንጁ ሲዞር የተሳተበት ሰውም ሞልቷል። ስለዚህ በትክክል የሚጠሩበትን ይርሱትና ካርዱና መዝገቡ ላይ ያለውን፣ ስሕተትም ቢኖረው፣ እንዳለ ይጻፉ። ማረሙን በኋላ ይደርሱበታል።

ኮንዶሚኒየሙን ይጻፉት። የምትኖሩበት ቤት በዚህ ፎርም አይቆጠርም፤ የማትኖሩበት ቤት ግን ቦሌም ይሁን ባልቲሞር እንደ ሀብት ይቆጠራል። ከ60 ሺህ ዶላር በታች ገቢ ያላቸው ብዙ ቤተሰቦች የሀብት ጥያቄው ራሱ አይቀርብላቸውም፤ እናንተ ግን ከዚያ በላይ ናችሁ። ሰውዬው ያልነገረዎት ነገር ጉዳቱ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ነው። የሚጻፈው ቤቱ ዛሬ ቢሸጥ የሚያወጣው ነው፤ ንግድ ባንክ የቀረበት ዕዳ ካለ ይቀነስለታል፤ ብሩም በዕለቱ ምንዛሪ ወደ ዶላር ይዞራል። ለምሳሌ 60 ሺህ ዶላር ቢቀር፣ ከወላጅ ሀብት ላይ የሚታሰበው ቢበዛ 5.64 በመቶ ስለሆነ፣ 3,400 ዶላር አይሞላም። እንደ እናንተ ባለ ገቢ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። መደበቁ ግን እስከ 20 ሺህ ዶላር ቅጣት ወይም እስራት ሊያመጣ እንደሚችል ፎርሙ ራሱ ይናገራል። ቤቱ ተከራይቶ ከሆነም ኪራዩ እዚህ ግብር ላይ መግባት ያለበት ገቢ ነውና ለግብር ሠራተኛዎ ይንገሩት። እስካሁን ካልነገሩት ዛሬ ይንገሩት።

የዕቁቡን ነገር ወድጄዋለሁ። ፎርሙ የሚጠይቀው በሚፈርሙበት ቀን በእጅና በባንክ ያለውን ነው። ገንዘቡ ሲደርስዎ በልጅዎ ስም እንዳያስገቡት፤ ከተማሪ ሀብት ላይ የሚታሰበው 20 በመቶ ነው፤ በእርስዎ ስም ከሆነ ያው 5.64 ነው። የሚቻል ከሆነ ሰብሳቢውን ለምነው ወይም ከአንዱ አባል ተቀያይረው ዕጣዎ ለኦገስት እንዲሆን ያድርጉ። መጽሐፉ፣ ኮምፒውተሩና የመጀመሪያው ክፍያ የሚመጣው ያኔ ነው።

እናትዎን በተመለከተ ፎርሙ ቦታ የለውም። ደብረ ብርሃን ያሉ እናት ከቤተሰቡ ቁጥር ውስጥ አይገቡም፤ የሚላከውም ገንዘብ አይጠየቅም። ነገር ግን ልጅዎ ከተቀበሏት ኮሌጆች ለእያንዳንዱ የገንዘብ እርዳታ ቢሮ አንድ ገጽ ደብዳቤ መጻፍ ይቻላል። የላኩበትን ደረሰኝ አያይዘው፣ በየወሩ ምን ያህል እንደሆነ ይጥቀሱ። ቢሮው የአንድን ቤተሰብ የተለየ ሁኔታ አይቶ ስሌቱን የማስተካከል ሥልጣን በሕግ አለው። እምቢም ሊል ይችላል። ደረሰኞቹን ግን አይጣሉ።

ይህ ሁሉ ተሞልቶ የሚወጣው ቤተሰቡ ይችላል የሚባለውን መጠን የሚያሳይ አንድ ቁጥር ነው። ፔል የሚባለው የማይመለስ የፌዴራል ድጎማ በ2025–26 ከፍተኛው 7,395 ዶላር ሲሆን፣ በአብዛኛው ያ ቁጥር ከዚህ ላይ ተቀንሶ የቀረው ለተማሪው ይሰጣል። በእናንተ ገቢና በአምስት ቤተሰብ የተወሰነው ይደርሳታል ብዬ እገምታለሁ። ሜሪላንድም የራሱ አለው። ፋፍሳውን እስከ ማርች 1 ያስገባ ነዋሪ በሃዋርድ ሮውሊንግስ ስም ለተሰየመው ድጎማ ይወዳደራል፤ አንደኛው ዓይነት ከ400 እስከ 3,000 ዶላር ይሰጣል። ማርች 1ን ከማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጥፉት።

ቦስተን ላይ ተስፋ አልቆርጥም፤ ግን 90 ሺህ የሚለው ቁጥር የሚያስፈራዎትን ያህል እውነተኛ አይደለም። የፌዴራል እርዳታ የሚቀበል እያንዳንዱ ኮሌጅ የቤተሰብ ገቢ አስገብቶ ግምታዊ የተጣራ ዋጋ የሚያወጣ ማስያ በድረ ገጹ ላይ እንዲያኖር ሕግ ያስገድደዋል። የግብር ወረቀቱን ይዛችሁ አብራችሁ ሙሉት፤ ሃያ ደቂቃ ነው። ዘጠናው ሺህ ወደ ሠላሳ ሊወርድ ይችላል፤ ስልሳ ላይም ሊቆም ይችላል። ይህ የሚወሰነው በኮሌጁ ሀብትና ፈቃድ ነው። ወንዙን ተሻግሮ ካምብሪጅ ያሉትን ይመልከቱ፤ ሃርቫርድ ከ2025–26 ጀምሮ ገቢያቸው ከ100 ሺህ ዶላር በታች ለሆነ ቤተሰቦች፣ ሀብታቸው የተለመደ ዓይነት ከሆነ፣ ማደሪያና ምግብን ጨምሮ በነጻ ያስተምራል፤ ኤም.አይ.ቲም ተመሳሳይ አድርጓል። መግባቱ እንደ መርፌ ቀዳዳ ነው፤ እሱን አልክድም። ነገር ግን ስሙ የሚያስፈራው ኮሌጅ ለደሃ ልጅ ከስም የለሹ ሊረክስ እንደሚችል ልጅዎ ትወቅ። ብዙ የግል ኮሌጆች ሲ.ኤስ.ኤስ. ፕሮፋይል የሚባል ተጨማሪ ፎርም ይፈልጋሉ፤ እንደ እናንተ ከ100 ሺህ በታች ለሚያስገባ ቤተሰብ ክፍያ የለውም። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ አስቀድሞ የሚያስር ማመልከቻ አለ፤ ከተቀበሉኝ ሌላ ቦታ አልሄድም ብሎ የሚያስፈርም። የሌሎቹን ዋጋ ሳታዩ ለማወዳደር የሚቀርላችሁ ነገር አይኖርምና እሱን ለጊዜው ይተዉት።

ከዚያ ደግሞ በራችሁ ላይ ያለው አለ። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ ለክልሉ ነዋሪ የትምህርት ክፍያው በዓመት ወደ 12 ሺህ ዶላር ነው፤ ማደሪያና ምግብ ሲጨመር 30 ሺህ ይጠጋል። ከቤት ብትመላለስ ያ ትልቁ ክፍል ይቀራል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ሩቅ አይደለም፤ እየተሠራ ያለው ፐርፕል ላይን ባቡርም ሲያልቅ ሁለቱን ያገናኛል። ከ12 ሺህ ላይ የፔሉንና የክልሉን ድጎማ ይቀንሱ። የቀረውን በራሷ ስም የሚሰጠው የፌዴራል ብድር ሊሸፍነው ይችላል፤ ለመጀመሪያው ዓመት እስከ 5,500 ዶላር ነው፤ ወለዱም ከእርስዎ ብድር ያነሰ ነው፤ ዋስም አይጠይቅም። የሚገርምዎ፣ እኔ በ17 ዓመት ልጅ ስም ብድር ሲባል ያንገሸግሸኝ ነበር። ልጄ ያንን ፖስታ ካገኘ ወዲህ ግን ራሷ አውቃ የምትወስደው ትንሽ ዕዳ፣ አባቷ ተደብቆ ከሚወስደው ትልቅ ዕዳ ይሻላል እላለሁ።

ሞንትጎመሪ ኮሌጅንም አይናቁት። ለካውንቲው ነዋሪ የሙሉ ዓመት ክፍያው ከ6 ሺህ ዶላር በታች ነው፤ አንዱ ግቢው ታኮማ ፓርክና ሲልቨር ስፕሪንግ መካከል ነው። ሁለት ዓመት እዚያ ተምሮ ወደ ኮሌጅ ፓርክ ወይም ሮክቪል ወደሚገኘው ሻዲ ግሮቭ ወደሚባለው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ ግቢ መዛወር የተለመደ መንገድ ነው። በድግስ ላይ «ልጅዎ የት ገባች?» ሲባሉ ስሙን ለመጥራት እንደሚያቅማሙ አውቃለሁ። እኔም አቅማምቼ ነበር፤ ለሁለተኛዋ ልጄ። ዛሬ ነርስ ናት፤ አንድ ሳንቲም ዕዳ የለባትም።

በጸደይ የእርዳታ ደብዳቤዎቹ ሲመጡ እያንዳንዱን ይዘው እርሳስ ያንሱ። ኮሌጆች ብድሩንም ድጎማውንም በአንድ ዓምድ ደርድረው «ተሸልመሻል» ይላሉ። ብድር የሚል ቃል ያለበትን ሁሉ ይሰርዙ፤ ተማሪዋ በሥራ ሰዓት የምታገኘውንም ይሰርዙ። የቀረው ብቻ ነው ስጦታው። ከጠቅላላ ወጪው ላይ እሱን ይቀንሱ፤ የእናንተ ዋጋ ያ ነው። መወሰኛው ቀን በአብዛኛው ሜይ 1 ነው።

አሁን ወደ ዝምታው ልመለስ። አንድ ቅዳሜ ከቡና በኋላ፣ ትንንሾቹ ሌላ ክፍል ሳሉ፣ ከባለቤትዎ ጋር አጠገብዎ ያስቀምጧት። የ2024 ግብሩን ጠረጴዛው ላይ ያኑሩ። እንዲህ ይበሏት፦ «የምናስገባው ይህ ነው። ለቤት ኪራይ ይህን፣ ለአያትሽ ይህን እንከፍላለን። ለአንቺ በዓመት ይህን ያህል እንችላለን፤ ከዚህ በላይ አንችልም። ቦስተንም በዚህ ውስጥ ከገባ እኔ ራሴ መኪና ነድቼ አደርስሻለሁ።» ቁጥሩን አስቀድማችሁ ሁለታችሁ ተስማሙበት፤ እፊቷ እንዳትከራከሩ። አራት ሺህም ይሁን ስድስት ሺህ አያፍሩበት። ልታለቅስ ትችላለች፤ ታልቅስ። ምናልባትም አታለቅስ ይሆናል፤ የ17 ዓመት ልጅ አባቷ ሌሊት መኪና ሲያስነሳ አትሰማም ብለው ነው?

ከዚያ ላፕቶፑን ከፍታ ፋፍሳውን ትጀምር፤ ግብዣው ወደ ኢሜይልዎ ሲመጣ እዚያው ተቀምጠው ይቀበሉት። ኮሌጅ ፓርክ ቀዳሚ ማመልከቻ የሚቀበለው እስከ ኖቬምበር 1 ነው፤ የማመልከቻ ክፍያውን የሚያስቀር ፈቃድ ካለ አማካሪዋን በመጪው ሰኞ ትጠይቅ። ደብዳቤዎ እዚህ እስኪደርስ ኦክቶበር ተጋምሷል። ስለዚህ ያቺ ቅዳሜ የፊታችን ቅዳሜ ትሁን።